ከውቅያኖስ ወዲህ

ከቤት የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ሻንጣዬ ታክሲው ላይ ተጭኗል፣ ጎረቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ ይመርቀኛል። እናቴ ግን እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። ስንቅ ልትጨምርልኝ መስሎኝ፣ "ኧረ እማዬ፣ ኪሎው ሞልቷል!" አልኳት።

"ማልልኝ" አለችኝ።

"ምን ብዬ?"

"አውሮፓ ይሁን። ውቅያኖስ ግን አትሻገር።"

ታላቅ ወንድሟ በወጣትነቱ በመርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ገብቶ ነበር። ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ጠፋ። አያቴም የግቢውን በር ስታይ ስታይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ በእናቴ ዘንድ ዓለም ሁለት ናት፤ ሰው ሄዶ የሚመለስበት ወዲህኛው እና ሰው የሚጠፋበት ማዶው። እኔ ለትምህርት የምሄድባት ቪየና ወዲህ ስለሆነች ነው እሺ ያለችኝ። ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ ቸኩያለሁ። "አንቺን ይንሳኝ፣ አልሻገርም!" አልኳት። ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንምለው መሐላ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ለወንበር ስንጣላ እንኳ እንምለዋለን። እናቴ ግን አመነችኝ። ግንባሬን ስማ በሩን ከፈተችልኝ።

ቪየና ሰባት ዓመት ኖርኩ። ብረት መቁረጥና መቅረጽ የተማርኩት እዚያ ነው። እሑድ እሑድ ስደውል እናቴ ጤናዬን ጠይቃ ስትጨርስ "እስቲ ስለ ከተማህ አውራኝ" ትላለች። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፣ ግን እንደሷ ታሪክ የሚወድ ሰው አላየሁም። ቱርኮች ከተማዋን ከበው ሳይሆንላቸው ሲሸሹ የቡና ጆንያ ጥለው ስለሄዱ ቪየናዎች ቡና ለመዱ ይባላል ብላት፣ "ቱርክ ደግሞ ከየት አባቱ አምጥቶት?" ብላ ተቆጣች። ንጉሠ ነገሥቶቹ ግማሽ አውሮፓን ይገዙ እንደነበር፣ በጦርነት ተሸንፈው ግዛታቸው ሲቆራረስ ግን ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት ለትንሽ አገር እንደቀረ ስነግራት "በቃ፣ ርስቱ ተወስዶበት ግቢው ብቻ የቀረለት ባላባት በላት" አለችኝ። ቪየናን ከዚህ አሳምሮ የገለጸልኝ የለም። የቪየና ሰው ደህና ይለብሳል፣ ያጉረመርማል፣ አንድ ስኒ ቡና ይዞ ግማሽ ቀን ጋዜጣ ያነባል። አስተናጋጁም ውሃ ሲያመጣልህ ውለታ እንደዋለልህ ሰው ነው የሚያይህ።

ከሁሉ የወደደችው ግን የቀብራቸውን ነገር ነው። ቪየናዎች ቀብር ማሳመር ያውቁበታል። ወደ ትልቁ መካነ መቃብር የሚወስደው ሰባ አንድ ቁጥር ትራም ነው፤ ሰው ሲሞት "በሰባ አንድ ሄደ" ይላሉ። እናቴ የሰፈራችን ሴቶች እድር ሰብሳቢ ነበረችና "ሰዎቹ እድር ያውቃሉ ማለት ነው!" ብላ ተደሰተች። የነገሥታቱን ቀብርማ ስንት ጊዜ አስደገመችኝ! አስከሬኑ የመነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይደርሳል፣ በሩ ዝግ ነው፣ ያንኳኳሉ። መነኩሴው ከውስጥ "ማነው?" ይላል። የዚህ አገር ንጉሥ፣ የዚያ አገር መስፍን እያሉ ማዕረጉን ይደረድሩለታል። "አናውቀውም" ይላል። እንደገና ያንኳኳሉ፣ እንደገና "አናውቀውም"። በሦስተኛው "ማነው?" ሲል "ሟች፣ ኃጢአተኛ ሰው" ይሉታል። ያኔ በሩ ይከፈታል። እናቴ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። "መጀመሪያውኑ እንዲያ ቢሉ ምን ነበረበት?" ትለኛለች።

በሰባተኛው ዓመት የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደስ አለ፣ የካናዳ ወረቀት ደግሞ ወጣልኝ። ውቅያኖሱን የተሻገርኩት የአውሮፕላኑን መስኮት ዘግቼ ነው፤ ካላየሁት ያልተሻገርኩት መስሎኝ ይሆናል። ለታናሽ እህቴ ለአስቴር ብቻ ነገርኳት። ለእማዬ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኳት። ቀስ ማለቱ አምስት ዓመት ፈጀ።

ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን ከሚባል ሰፈር ምድር ቤት ተከራይቼ፣ እሑድ እሑድ ስለ ቪየና አወራላት ነበር። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሆኖ፣ የቪየናን አየር ስልኬ ላይ አይቼ "ትንሽ ካፊያ አለ እማዬ" እላታለሁ። ስለ ካልጋሪ የማወራው ቢኖረኝ ምናልባት እውነቱን እነግራት ነበር። ግን ምን ልበላት? ሰው አፈሩን ወዶ ሳይሆን ከአፈሩ ሥር ያለውን ነዳጅ ብሎ የመጣባት ከተማ ናት። አንድ ቀን ነዳጁ ዋጋው ወደቀ። ለቁፋሮ መሣሪያ ብረት የምቆርጥበት ወርክሾፕ አንድ ዓርብ ዕለት ሁላችንንም ሰብስቦ ሌይኦፍ ብሎ አሰናበተን።

ሥራ አጥ የሚመዘገብበት ቢሮ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ቅጽ ሞላችልኝ።

"ከሥራ የወጡበት ምክንያት?"

"ነዳጅ ወደቀ።"

"የነዳጁን አልጠየቅኩም፣ የእርስዎን ነው።"

"እኔም አብሬው ወደቅኩ።"

ስክሪኗን ወደ ታች ወደ ላይ አለችው። "እሱ ምርጫው ውስጥ የለም" አለችኝ።

ያከራዩኝ ጋሼ ተኽሌ ፎቁ ላይ ነው የሚኖሩት። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ አውቶቡስ ነጂ ናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት በረዶ ስጠርግ ብቅ ማለት ጀመሩ።

"ሥራ ተገኘ?"

"ገና ነው ጋሼ።"

"አፕላይ እያደረግክ ነው?"

"ኧረ አፕላይ በማድረግ ጣቴ አለቀ!"

"ኢንተርቪውስ? ኮል ያደረገልህ የለም?"

ራሳቸውን ነቅንቀው ይገባሉ። ነገም እንደዚሁ፣ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ሊያስወጡኝ ምክንያት ፈልገው ነው ብዬ ጠመድኳቸው። በኋላ በጓሮ በኩል መውጣት ጀመርኩ።

ሥራ ሲፈታ ሰው ከራሱ ጋር ይውላል። ከራሴ ጋር ስውል ያ መሐላ ከጓዳው ተነሥቶ መጣብኝ። በቃ፣ ልንገራት አልኩ። እሑድ ደወልኩ፤ አስቴር አነሳችው።

"እማዬ ጸበል ሄዳለች" አለችኝ። "ጉልበቷን ብሏት። እዚያ ኔትወርክ የለም።"

በቀጣዩ እሑድም ጸበል ናት። በሦስተኛው አልቻልኩም። "አስቱ፣ ልትጠይቂያት ስትሄጂ ንገሪልኝ። ካናዳ ነኝ። መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ይቅር በይኝ ብሏል በያት።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"እነግራታለሁ" አለች። "ሥራስ አገኘህ?"

በሳምንቱ "ነገርሻት?" አልኳት።

"ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"ምንም አላለች።"

ሦስት ወር ሙሉ ይህን "ምንም አላለች" ታቅፌ ከረምኩ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ከጸበሉ የማትመለሰው ድምፄን ላለመስማት ነው ብዬ አመንኩ።

በአራተኛው ወር ኤርፖርቱ አካባቢ ያለ አንድ መጋዘን ቀጠረኝ። ያን ቀን በፊት ለፊት በር ነው የገባሁት።

"ጋሼ! ሥራ ተገኘ! ነገ እጀምራለሁ!"

ጋሼ ተኽሌ የበሩን መቃን ያዙ። "ነገ?" አሉኝ። ቆይተው ደግሞ "ተመስገን" አሉ፣ ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም። ቤቱን እንዳልለቅላቸው ስላወቁ ከፍቷቸው ነው ብዬ ውስጥ ውስጡን ሳቅኩባቸው።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ፣ የሥራ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እኛ ነን።"

እንደገና አንኳኩ። ያገሬ ሰው በዚህ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ በር የሚመታው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጫማዬን ማሰሬን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ከፈትኩ። ጋሼ ተኽሌ ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ቄሱና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሁለት ሴቶች አሉ።

እናቴ ያረፈችው አስቴር መጀመሪያ "ጸበል ሄዳለች" ካለችኝ እሑድ ሁለት ቀን ቀድማ ነው። አስቴር ለጋሼ ተኽሌ ደውላ "ብቻውን ነው፣ ሥራም የለው፣ በላዩ ይህን ጨምራችሁ አትግደሉብኝ። ሥራ ሲይዝ አርዱት" ብላ ለምናቸው ነበር። "በየጠዋቱ ስጠይቅህ መርዶህን አፌ ውስጥ ይዤ ነበር፣ ልጄ" አሉኝ ጋሼ ተኽሌ እያለቀሱ። እኔ ደግሞ በጓሮ በኩል እሸሻቸው ነበር።

ከልቅሶው መሃል ተነሥቼ መጋዘኑ ደወልኩ።

"እናቴ ሞታ ነው፣ መምጣት አልችልም።"

"ኦ፣ ሶሪ" አለ አለቃው። "ቀብሩ መቼ ነው?"

"ተቀብራለች።"

"መቼ?"

"ከአራት ወር በፊት።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ተፈጠረ?"

"ዛሬ ሞተች።"

ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ግን ነገ ካልመጣህ ቦታህን የሚፈልግ ብዙ ነው አለኝ። ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥኩ፣ ሥራውም ሄደ።

አስቴርን ስልክ ላይ ጮህኩባት። "ነገርኳት፣ ምንም አላለች ብለሽ ዋሸሽኝ!"

"አልዋሸሁህም" አለችኝ። "መቃብሯ ድረስ ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ምንም አላለች፣ ደሬ።" ከዚያ ልትነግረኝ ያልፈለገችውን ነገረችኝ። እናቴ በመጨረሻዋ ቀን "ለደረጀ ደውሉለት፣ ቪየና ቅርብ ነው፣ ለቀብሬ ይደርሳል" ብላ ነበር። የእድሯ ሰዎች ያን ስለሰሙ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳያነሷት ጠበቁኝ።

አንቺን ይንሳኝ ብዬ ነበር፤ ነሣኝ። ቄሱ እግዚአብሔር እንዲህ አያደርግም ይሉኛል። እኔ አላመንኳቸውም።

አሁንም እሑድ ሲሆን እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ደወልኩ። አስቴር መቃብር ሄዳለች፤ ቤት የሚጠብቁት እትዬ ወርቄ፣ ጆሯቸው የሚከብድ የሩቅ ዘመድ፣ አነሱት።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ደረጀ ነኝ።"

"የቱ ደረጀ? አላወቅኩም።"

"የቤቱ ልጅ ነኝ፣ ቪየና ያለሁት።"

"አልሰማም፣ አላወቅኩም! ማን ልበል?"

ሦስተኛው መልስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእናቴ ስንት እሑድ ነግሬያታለሁ። ላወጣው አፌን ስከፍት እትዬ ወርቄ ስልኩን ዘጉት።