ከኦፕራሲዮን በፊት የምትጠጣ ሽሮፕ

ሰመመን ሰጪ ሆኜ ደብረ ብርሃን ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያው ሕመምተኛዬ የጣርማ በር ሰው ነበር። በግ ሲመልስ ከገደል ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሯል። ወገቡ ላይ መርፌ ወጋሁት፤ ከወገቡ በታች ደነዘዘ። ሐኪሙ አጥንቱን በብረት እስኪያያይዝ ድረስ ስለ በጎቹ ስናወራ ቆየን። ኮራሁ።

አለቃዬ አቶ ሽመልስ ከክፍሉ ስንወጣ፣ «ጎበዝ ነሽ። የኛ ሥራ እዚህ በር ላይ ያልቃል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሕመምተኞች በሚተኙበት ዋርድ ሳልፍ ጩኸት ሰማሁ። የኔው ሰው ነው። ማደንዘዣው ለቆት የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ እናቱን ይጣራል። ነርሷን ምን እንደተሰጠው ጠየቅኋት።

«ሲያመው ነው የሚሰጠው። አሁን አመመው፤ መርፌውን ላመጣ ነው» አለችኝ።

መርፌው እስኪመጣ፣ መጥቶም እስኪሠራ ድረስ ጮኸ። አቶ ሽመልስ እንደተሳሳቱ ያን ቀን ገባኝ። ምን እንደሚደረግ ግን አላወቅሁም፤ ለዓመታትም እንደ ሌላው ሰው በሩ ላይ እየሸኘሁ ተመለስኩ።

በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄድኩ። ሞርፊን ሽሮፕ ከኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ በአፍ እንደሚሰጥ ያየሁት እዚያ ነው። የወገቡ ማደንዘዣ ሲለቅ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ተመልሼ ለአጥንት ሐኪማችን ለዶክተር ዳንኤል ነገርኳቸው።

«ምንም እንዳትቀምስ ብለን ያሳደርነውን ሰው ሽሮፕ ልታጠጪው?»

«አንድ ጉንጭ እንኳ አትሞላም፣ ዶክተር።»

«ትንፋሹ ቢደክምስ?»

«አጠገቡ እሆናለሁ።»

«እናያለን» አሉ። እናያለን ማለታቸው አይሆንም ማለት ነበር።

ሐሳባቸውን ያስቀየሩት አቶ ጌታነህ የሚባሉ የመዘዞ ሸማኔ ናቸው። ባና፣ ወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ። ሚኒባስ ተገልብጦ ጭናቸው ተሰብሯል። ሸማኔ ደግሞ በእጁ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ነው የሚሠራው፤ መርገጫውን ካልረገጠ ባና የለም። ኦፕራሲዮናቸው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አጠገባቸው የተኛው ሰው ተሠርቶ መጣ፤ ማደንዘዣው ሲለቀውም ዋርዱን በጩኸት ሞላው። አቶ ጌታነህ ያን አይተው «ወጌሻ ጋ ውሰዱኝ» አሉ።

ዶክተር ዳንኤል እግሩ ተጣሞ እንደሚቀር ነገሯቸው።

«ይጣመም። እንዲያ ከምጮኽ ይጣመም።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞር ብለው በቀስታ፣ «ያቺን ሽሮፕሽን ንገሪያቸው። ግን ያልሽውን ታደርጊያለሽ፤ አጠገባቸው ትቆያለሽ» አሉኝ።

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አቶ ጌታነህ፣ የሚፈሩት መቀደዱን ነው?»

«መቀደዱንማ ደንዝዤ ነው አሉ። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፤ አያመኝም?»

«ያምዎታል። ግን እንደ ጎረቤትዎ አይሆንም። መድኃኒቱን ሕመሙ ሳይመጣ ነው የምሰጥዎት።»

ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ «ሞርፊን አይደል? ሱስ ቢሆንበትስ?» አሉ።

«ለጥቂት ቀን ነው፤ የምንለካውም እኛ ነን። ጠርሙሱ ከቁም ሳጥኑ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው።»

አቶ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ። ከዋሸሽኝ ግን ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

«በዚህ እግር?» አልኳቸው። ወይዘሮ አስካለ ሳቁ።

በማግስቱ ሽሮፑን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለክቼ ሰጠኋቸው። ፊታቸውን አጨፍግገው «ይህችው ናት?» አሉ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። እኔ በሩ ላይ አልተመለስኩም፤ አብሬያቸው ዋርድ ገባሁ። የእግራቸው ጣቶች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ማደንዘዣው መልቀቁ ነውና ወደ ፊታቸው ጎንበስ አልኩ።

«ያምዎታል?»

«ያማል። ግን ይቻላል።» ከዚያ ሾርባ ጠየቁ።

የጎረቤት አልጋው ሰው ሁሉን ሲያይ ቆይቶ «ለኔስ ለምን አልሰጣችሁኝም?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ዳንኤል ራሳቸው «ሽሮፑ ተሰጥቷል?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ሁለተኛውን መጠን በሰዓቱ እየጨመርን፣ በፓራሲታሞልም እየደገፍነው ሥራው ተለመደ። እኔም በጣም ለመድኩት፤ ስህተቴም የመጣው ከዚያ ነው።

ቄስ ኃይሉ የሚባሉ የአንኮበር አዛውንት ዳሌያቸው ተሰብሮ መጡ። ከስተዋል፤ መድኃኒቱን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊታቸውም ደካማ ነበር። ለጎልማሳ የምሰጠውን ያንኑ ልክ ሰጠኋቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ልጃቸው «አባቴ እንቅልፍ አበዙ» ስትለኝ፣ «ይተኙ፤ ደክሟቸው ነው» ብዬ አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ግን ልቤ አልረጋ አለኝና ተመለስኩ። ደረታቸውን አየሁ። አንዴ ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም።

«አባ! አባ ኃይሉ! ይተንፍሱ!» እያልኩ ትከሻቸውን ወዘወዝኩ። ኦክስጅን አደረግንላቸው፤ የሞርፊኑን ማርከሻ በደም ሥራቸው ሰጠን። ዓይናቸውን ገለጡ። ማርከሻው ሕመሙን ሁሉ መለሰባቸውና አቃሰቱ። ያን ማቃሰት ስሰማ በደስታ አለቀስኩ።

ለልጃቸውም ለዶክተሩም ስህተቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ።

«ታዲያ እናቁመው?» አሉ ዶክተር ዳንኤል።

«አናቁመው። ለሽማግሌና ለኩላሊት ሕመምተኛ እንቀንስ። የሁሉም ትንፋሽ እየተቆጠረ ይጻፍ።»

የትንፋሽ መቁጠሪያው ወረቀት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየአልጋው ግርጌ ተንጠለጠለ። ቄስ ኃይሉ በክራንች እየተራመዱ ወደ አንኮበር ተመለሱ።

አሁን ሥራውን የማስተምራቸው ወጣቶች ስለ መጠን ብዙ ይጠይቁኛል። መጠኑ መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ የምነግራቸው መድኃኒቱን ከሕመሙ በፊት እንዲሰጡና ከሰጡ በኋላ ከሕመምተኛው እንዳይርቁ ነው።