ቤቱ ያልገባው ዜማ

ሰልሚናዝ ኻኑም፣ ወይዘሮ ሰልሚናዝ እንደማለት ነው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ የተሳሳተችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ስህተት ካላችሁት። እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። እሷም አልወሰነችም።

ሥራዋ ኖታ መገልበጥ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በእርሳስ የሞነጫጨረውን ትልቅ ጥራዝ ተቀብላ ለቫዮሊኑም፣ ለቼሎውም፣ ለከበሮውም የየድርሻውን በቀለም ጽፋ ታድላለች። ነፋስ በማያባራባት ባኩ መስኮት የሚከፍት ወረቀቱን ያልወደደ ነውና መስኮቷን ጠርቅማ፣ ሻይዋን ከቼሪ ማርማላታ ጋር ፉት እያለች ስትጽፍ ትውላለች። ሙዚቀኞቹ የሰልሚናዝን ጽሑፍ ዓይንህን ጨፍነህ ተጫወተው ይባባሉ ነበር። ዓይን ተጨፍኖ ኖታ እንዴት እንደሚነበብ የጠየቃቸው የለም።

የካራባኽ ልጅ ናት። አባቷ በየሰርጉ ሙጋም ይዘፍን ነበር፤ ያ ከአፍ ወደ ጆሮ እንጂ በወረቀት የማይወረሰው የአገራችን ዜማ። ከቅኝቶቹ ሁሉ ሰጋህ የሚባለውን ይወዳል። ሰጋህ ይወጣል፣ ይቅበዘበዛል፣ ሰውን ያስለቅሳል፤ በመጨረሻ ግን የግድ ወደ መነሻው ድምፅ ይመለሳል። ያኔ "ቤቱ ገባ" እንላለን። ሰጋህን ውጭ ጥሎ የሚነሳ ዘፋኝ በሩን ከፍቶ የተኛ ሰው ነው ይላት ነበር አባቷ። እሱ ሞተ፤ ባሏም ለካራባኽ ከተደረገው ጦርነት ሳይመለስ ቀረ። ልጅ የላትም። የቀሯት አባቷ ያሠለጠነው ጆሮና ብዕሯ ናቸው።

ጦርነቱ ካበቃ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ሙርሰል የሚባል፣ ለክብሩ ሙአሊም፣ መምህር፣ የምንለው ደራሲ ተነሳ። አርባ ያልሞላው፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ፣ ሲጽፍ ግን አገር የሚያናውጥ። የአምናው ባሌቱ ጉድ አፍልቶ ነበር። ዳንሰኞቹ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፍቷቸው ሁለቱ ተላተሙ፣ አንዷ እያለቀሰች ቤቷ ሄደች። ሰልሚናዝ ግን ስትገለብጠው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር የሰርግ ቤት ከበሮ አገኘች። ሰውየው አብዷል ወይስ ሁላችንንም ቀድሞ ሄዷል? መልሱን ሳታገኝ ሲምፎኒው ጠረጴዛዋ ላይ ዱብ አለ።

ሲምፎኒውማ ባሰ። ድምፆቹ ይጣላሉ፣ ይገፋፋሉ፣ መያዣ መጨበጫ የላቸውም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሁሉም ዝም ይልና አንድ ቪዮላ፣ ያ ድምፁ ከቫዮሊን ወፈር የሚለው፣ ብቻውን ሰጋህ ይጀምራል። እንባዋ መጣ። ዜማው ደረጃ በደረጃ ወረደ፣ ወረደ፤ ቤቱ ሊገባ አንድ ድምፅ ሲቀረው ገጹ አለቀ። ገልብጣ አየች። ባዶ ነው።

ግራ ገባት። ረስቶት ይሆን? ወረቀት ጠፍቶ ይሆን? ሄዳ መጠየቅ ነበረባት፣ አልክድም። ግን የባኩን የሙዚቃ ሰው "ሰጋህን ቤቱ ማስገባት ረስተዋል ወይ?" ማለት "ሱሪዎን ረስተዋል ወይ?" ከማለት አይሻልም። ገመናውን ልሸፍንለት ብላ የጎደለችውን ድምፅ በቪዮላው ወረቀት ላይ ጨመረችለት። ደስም አላት።

ልምምድ ላይ የኦርኬስትራው መሪ አለቀ ብሎ እጁን ሲያወርድ ቪዮላው ብቻውን አንድ ድምፅ ቀጠለ። ሙዚቀኞቹ ሳቁ። ሙርሰል አልሳቀም። የቪዮላው ተጫዋች እዚህ ተጽፏል ብሎ ወረቀቱን አሳየና ሰልሚናዝ ከላይ ከክፍሏ ተጠራች። አስተዳዳሪው ሚርዛጋ በሰው ፊት አፈር አበላት። የደራሲን ሥራ የነካ እጅ ከእንግዲህ ብዕር እንደማይዝ፣ ከኮንሰርቱ ማግስት ጀምሮ ካፖርት ማስቀመጫው ክፍል ወርዳ የሰው ካፖርት እንደምትሰቅል ነገራት። እሷ የምታየው ሙርሰልን ብቻ ነበር። ያለው አንድ ነገር ነው።

"ሰልሚናዝ ኻኑም፣ አልረሳሁትም።"

የጨመረቻትን ድምፅ ራሷ በምላጭ ፍቃ አጠፋች። ስትፍቅ ነገሩ ውሉ ጠፋባት። ካልረሳው ለምን ተወው? አባቴ ዋሽቶኝ ነው? ካራባኽ ሙሉ የዘፈነውን ይህ ልጅ ሊያርመው ነው? እያለች ሦስት ቀን እህልም እንቅልፍም አልሆነላትም።

ኮንሰርቱ እሁድ ከሰዓት ነበር። ከላይ ሰገነቱ ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቪዮላው ብቻውን ቀረ፣ ወረደ፣ ቆመ። የመሪው እጅ አየር ላይ ቀረ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ሰልሚናዝ መሃረቧን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ቢሆንም ያቺ ድምፅ ወጣች። ጮክ ብላ ሳይሆን፣ አባቷ ሰርግ ሲዘጋ እንደሚያደርገው፣ ከደረት። የመሪው እጅ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጭብጨባውን ሳትሰማ ወደ ክፍሏ ሮጣ ብዕሮቿን መጠቅለል ጀመረች። ሙርሰል እያለከለከ ገባ።

"አፌን ማን እንደከፈተው አላውቅም" አለችው። "ይቅር ይበሉኝ። ነገ እወርዳለሁ፣ ካፖርቱ ጋ።"

"የትም አይወርዱም። የጻፉት ስህተት ነበር፤ የዘፈኑት ግን አይደለም።"

"አንድ ድምፅ እኮ ነው፣ ልጄ። ያው ድምፅ።"

"ለሰው የተውኩት ነው። ማንም የሚያነሳው ባይኖርስ ብዬ ነበር የፈራሁት።" ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ታዲያ ለምን አይጽፉትም?"

"ከተጻፈማ ትእዛዝ ሆነ።"

ሚርዛጋ አፉን ዘጋ፤ ጠረጴዛዋም የእሷ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ።

በሳምንቱ ሲምፎኒው ሲደገም እዚያው ሰገነት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ዛሬም ትዘፍናለች ብለው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ቪዮላው ወረደ፣ ቆመ። ሰልሚናዝ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ድምፁ ሆን ተብሎ እንደተተወ አሁን አውቃለችና፣ ብትዘፍነው የታዘዘችውን መፈጸም ይሆንባታል። ካልዘፈነችው ደግሞ ሰጋህ ውጭ ሊያድር ነው። ሌላ ሰው ያነሳው ይሆናል ብላ ጠበቀች። ሰው ሁሉ እሷን ይጠብቃል። የመሪው እጅ ደክሞት ወረደ።

ታች ከፊተኛው ረድፍ ሙርሰል ዞሮ ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ከሁለቱ ማን ማንን እንዳሳፈረ እስከ ዛሬ አይገባትም።