ያለ ብሎን የመጣው ቁም ሳጥን

ከባለቤቴ ጋር ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ንብረት አካፈሉንና ቴሌቪዥኑ ለእሱ፣ ቁም ሳጥኑ ለእኔ ደረሰ። ቁም ሳጥኑ በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ነጭ ዕቃ ነው። ከፋብሪካ ደሞዜ አጠራቅሜ የገዛሁት ስለሆነ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን አልተውም ብዬ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ስወጣ፣ እሱ ፈታቶ በጋሪ ሊልክልኝ ተስማማን።

ጋሪው መጣ። ባለ ጋሪው በገመድ የታሰሩትን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ አውርዶ ግድግዳው ላይ ደገፋቸው። መሳቢያዎቹን ከፈትኩ፣ ካርቶኑን አራገፍኩ፤ አንድም ብሎን የለም።

«ሌላ ዕቃ አልሰጠህም?» አልኩት።

«የሰጡኝ ይሄንኑ ነው፣ እህቴ።»

ወዲያው ለቀድሞ ባሌ ደወልኩለት። «ብሎኖቹስ?»

«የምን ብሎን?»

«የቁም ሳጥኑ ነዋ!»

ሳቁን እየዋጠ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል። «ሽማግሌዎቹ ቁም ሳጥኑን ስጣት አሉኝ እንጂ ስለ ብሎን ያሉኝ ነገር የለም። ከፈለግሽ ነይና እንነጋገራለን።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እሱ ቤት «እንነጋገራለን» ማለት እሱ ይናገራል፣ እኔ ወንበሬ ላይ አቀርቅሬ እሰማለሁ ማለት ነው። ያንን ወንበር ለቅቄ ከወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም።

ጎረቤላ ያለችው እናቴ ነገሩን ስትሰማ ደወለች። «ሂጂና ተቀበዪው፤ ምን ይጎዳሻል? በዚያው እግዜር ያስታርቃችሁ ይሆናል።»

«እማ፣ የጎደለኝ ብሎን ነው፤ ባል አይደለም።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ እንደገና ተሰብስበን እንጠይቀው ወይ አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በብሎን ጉዳይ አይቀመጥም። ብሎኑን ራሴ አገኘዋለሁ» አልኳቸው። እንዴት እንደማገኘው ግን አላውቅም ነበር። ልብሴ በፌስታልና በካርቶን ተከምሯል፤ የሥራ ቱታዬን በፈለግሁ ቁጥር ክምሩን ማፍረስ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የቀድሞ ባሌ ሰው ፊት «ብርዱ ሲጠናባት ትመጣለች» እያለ እንደሚስቅ ነገረችኝ። እሷ ልትመክረኝ ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን በዚያች ቀን እሱ ጋ ሳልሄድ ልገጥመው ቆረጥኩ።

ሰሌዳዎቹን መሬት ላይ ዘርግቼ ስመረምር አንድ ነገር አየሁ። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ዳዶዎች ሰሌዳው ውስጥ የተቀበሩ ስለሆኑ ሊወስዳቸው አልቻለም፤ ሁሉም ቦታቸው ላይ አሉ። ደግሞም አንዷ ብሎን ጭንቅላቷ ተበልቶ አልፈታ ብላው ትቷታል። ከአከራዬ ፒንሳ ተውሼ፣ መዳፌ እስኪላጥ ታግዬ አወጣኋት። ጭንቅላቷ መሃል ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት፣ ከመሃል ጣቴ የማትበልጥ ብሎን ናት። በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡትን ሱቆች ተራ በተራ አዳረስኩ። የማጠፊያዎቹን ትናንሽ ቪቶች በቀላሉ አገኘሁ፤ ዋናውን ብሎን ግን የሚያውቀው ጠፋ። አንዱ ባለ ሱቅ ብሎኗን በሁለት ጣቱ ይዞ እያገላበጠ፣

«ይሄ ከዕቃው ጋር ነው የሚመጣው፤ ለብቻው አይሸጥም። ደግሞ አንቺ አታውቂውም፣ ባለቤቱን ላኪው» አለኝ።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ባልሽን ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል። የቁም ሳጥኑ ባለቤት እኔ ነኝ እያልኩህ ነው» ብዬ ብሎኔን ከእጁ ተቀበልኩ።

አንድ አናጢ በምስማር ልምታልሽ አለኝ። ሰሌዳው ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ቺፑድ ስለሆነ በምስማር ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም ከዚያ በኋላ አይፈታም። የሰው ቤት የምኖር ሴት ነኝ፤ ዛሬ ብገጥመው ነገ ቤት ስለቅ ልፈታው እችላለሁ። እምቢ አልኩ። ጫጫ አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ አለ ሲሉኝ በዕረፍት ቀኔ በሚኒባስ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ወፋፍራም ሆኑብኝ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

መናኸሪያ ወርጄ፣ ነፋሱ አቧራውን ፊቴ ላይ ሲበትን ባጃጅ ያዝኩ። ተናድጃለሁ፣ ርቦኛል። ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ በትከሻው በኩል መሪውን ሳይ፣ መስታወቱ የታሰረባት ብሎን መሃሏ ላይ እንደኔዋ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ አላት።

«አቁም! አቁምልኝ!»

ልጁ ደንግጦ ዳር ያዘ። «ምነው? የጣልሽው ነገር አለ?»

«ይቺን ብሎን ከየት ነው የምትገዟት?»

ዞሮ አየኝ። «የባጃጅ ብሎን ምን ሊያደርግልሽ?»

«ቁም ሳጥን ልገጥምበት።»

ሳቀ፤ ግን መለዋወጫ ሱቅ በር ድረስ ወሰደኝ። ባለ ሱቋ ደልደል ያለች፣ ራሷን በሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ብሎኔን ካንድ ዳዶ ጋር ሞክራ ጥርሱን ለካችና ከብዙ ሣጥኖች መካከል አንዱን ስባ ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው። ጥርሱ ልክ ነው። ቀለሙ ግን ጥቁር፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ቁመቱም ትንሽ ይረዝማል።

«ይረዝምብሻል» አለች።

«ከጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላ ብደርብበትስ?»

ቀለበት ከመሰሉት ብረቶች ሁለቱን አስገብታ ከኔ ብሎን ጋር አስተያየችው። «ይሆናል! ነጭ ላይ ግን ጉድ ነው የሚመስለው።»

«ጉድ ይምሰል።»

መፍቻውንም ከእሷው ገዛሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ጀመርኩ። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው፣ «ወንድ ጥሪ እንጂ፣ ልጄ። ወድቆ ይፈጅሻል» አሉ።

«እትዬ፣ ይልቅ ይቺን ሰሌዳ ይያዙልኝ።»

እያጉረመረሙ ገቡና በጀርባቸው ደገፏት። መጀመሪያ የታችኛውን ሰሌዳ ገልብጬ ገጠምኩ፤ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። እጄ ዛለ፣ ትከሻዬ ተቃጠለ። አንድ ጊዜ ጎኑ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ሲያርፍ ጮኼ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ግን ከእንባዬ በፊት ስድብ ወጣኝ። ማንን እንደምሰድብ የገባቸው አከራዬም አንድ ሁለት ጨመሩበት። ፀሐይዋ ሳትገባ ቁም ሳጥኑ ቆመ። የግራው በር ትንሽ ይንጋደዳል፤ ጥቁሮቹ ብሎኖች በነጩ ላይ ፈጠው ይታያሉ። ልብሴን ስሰቅልበት ግን ቤቱ ያን ቀን የኔ ሆነ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴ ለሕክምና ከጎረቤላ መጣች። ገና ስትገባ ዓይኗ ያረፈው ብሎኖቹ ላይ ነው።

«ውይ! እነዚህን በጨርቅ ነገር ብትሸፍኛቸው ምናለ? እንግዳ ያያል እኮ።»

«ይያቸዋ፣ እማ። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ምን የሚያሳፍር አለው?»

ተጠግታ በሁለት እጇ ይዛ በኃይል ነቀነቀችው። ንቅንቅ አላለም። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችና በሩን ከፈተች።

«የኔ መደርደሪያ የትኛው ነው?» አለች።