የናስሪን ኻላ በር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአያቴ አይደለም፤ አያቴን የማውቃት በስልክ ድምጿ ብቻ ነበር። ተረት የነገሩኝ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ አንድ ብሎክ ወረድ ብሎ በነበረው አፓርትመንታችን፣ ፊት ለፊታችን ይኖሩ የነበሩ ናስሪን የሚባሉ የባንግላዴሽ ሴት ናቸው። ያኔ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር፤ ዲቪ ደርሶን ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖን፣ እኔም አሥር ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ እስክትመጣ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነው። «ኻላ በይኝ፤ በኛ አገር የእናት እህት ማለት ነው» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ናስሪን ኻላ ሆነው ቀሩ።

ጠዋት ማልደው እዚያው አካባቢ ወዳለችው ኒውአርክ ይሄዱና አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ይውላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ቀኑ ማምሸት ሲጀምር ኤሌክትሪኩን ያጠፉና ካገራቸው ያመጧትን ፋኖስ ይለኩሳሉ፤ «ተረት አምፖል ይፈራል» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ክሯ ጢሳ የጣሪያው የጢስ አላርም ሲጮኽ በመጥረጊያ እንጨት እየመቱ ዝም ያሰኙት ትዝ ይለኛል። ጠረጴዛቸው በር ነበር፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ ቀለሙ የተላጠ ከባድ የእንጨት በር፣ በሁለት የወተት ሣጥኖች ላይ የተጋደመ። ሆምዎርኬን የምሠራው እጀታውን ወደ ጎን ትቼ ነው።

የሚነግሩኝ ተረት የራሳቸው ሕይወት ነበር። ያደጉበት መንደር ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ ክረምት ሲመጣ መሬቱን ከሥር እየቦረቦረ ቤታቸውን ሦስት ጊዜ ወሰደው። ውኃው በቀረበ ቁጥር አባታቸው አስቀድመው የሚነቅሉት በሩን ነበር። ናስሪን አድገው ዳካ የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ፤ ያንን ወንዝ ደጋግመው ሣሉት፤ ሥዕሉ ግን ለዓይን ያምራል እንጂ ማንንም አያስደነግጥም። አንድ ቀን የአባታቸውን በር በጀርባቸው አዝለው ከጀልባ መውረጃው እስከ ትምህርት ቤቱ በገበያ መሐል ሄዱ። መምህራኑ «ይሄ ሥዕል አይደለም» ብለው ተቆጡ። በፔዳል ጋሪ ሰው የሚያመላልስ አንድ ሰውዬ ግን ጋሪውን አቁሞ አለቀሰ፤ የእሱንም ቤት ወንዝ ወስዶት ኖሯል። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሼን አስቀመጥኩ» አሉኝ። ገላቸውን፣ መንገዱንና አላፊ አግዳሚውን ሥራቸው አደረጉ። ባላቸው ሲሞቱ ወንድማቸው አሜሪካ አስመጣቸው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከክፍሌ ልጅ ከጃኔል ጋር ሐይቁ ዳር አይስክሬም እየበላን ስንሄድ ሰው ተሰብስቦ አየን። ናስሪን ኻላ በሩን በእንጨት ፍሬም ሣሩ ላይ አቁመው፣ ሦስት ጊዜ ያንኳኩና «መግባት ይቻላል?» ይላሉ። ከወዲያ በኩል የሚያልፈው ሁሉ እጀታውን መያዝ ይችል ነበር፤ የያዘ ግን የለም። ልጆች ይስቃሉ፤ ለስፖርት የሚሮጡት ዞር ብለው ያልፋሉ።

«ይቺ እብድ እናንተ ሕንጻ ውስጥ አይደለም እንዴ የምትኖረው? ታውቂያታለሽ?» አለችኝ ጃኔል።

«አላውቃትም።»

ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ። የናስሪን ኻላ እጅ ሊያንኳኳ እንደተነሣ አየር ላይ ቆመ። ወደ እኔ ግን ዞረው አላዩም። ከዚያ ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ።

ማታ እራት አልበላ አለኝ። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ በእንግሊዝኛ «ምንም» አልኳት።

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

በተሰባበረ አማርኛዬ ነገርኳት። «ሰው ካድሽ ማለት ነው» አለች። «እግዚአብሔር ይቅር ይላል። እሳቸውን ግን ራስሽ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ።»

ሰኞ እስኪደርስ ሁለት ቀን ፈራሁ። ስገባ ገና ፀሐይ ነበር፣ እሳቸው ግን ፋኖሷን ለኩሰዋል። ወንዙ ለሦስተኛ ጊዜ ቤታቸውን ሲወስድ ከተማ አጎታቸው ዘንድ መጠጋታቸውን ነገሩኝ። የአጎታቸውን ልጅ የክፍሏ ተማሪዎች «ያቺ እግሯ ጭቃ የሆነች ልጅ ዘመድሽ ናት?» ሲሏት «አይደለችም» አለች።

«ሦስት ዓመት አላናገርኳትም» አሉኝ።

«እኔንስ?»

«አንቺንማ ቅዳሜና እሁድ ተቆጥቼ ጨረስኩ። ሆምዎርክሽን አውጪ።»

ይቅርታ ያልኩት እያለቀስኩ ነው፤ ደብተሬ ረጠበ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳን ሆዜ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ያንኑ የበር ሥራቸውን እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። እናቴ ከሥራ ዴይ ኦፍ ወስዳ፣ እኔንም ይዛ በመኪናችን አደረሰቻቸው። እዚያ ገና ሲያንኳኩ ሰው ተሻምቶ ከፈተላቸው፤ አጨበጨበ። ስንመለስ ግን በመስኮት መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር።

«ደስ አላለዎትም?» አለቻቸው እናቴ።

«ቲኬት የገዛ ሰው በር መክፈት አያቅተውም» አሉ። «ሐይቁ ዳር ጥሎኝ የሄደው ነው እውነቱን የነገረኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩን አንድ ጫፍ ይዤ አብሬያቸው ወጣሁና አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጃኔል መጣች። «አላውቃትም ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው። አክስቴ ናቸው።»

ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች፤ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው አልሆንንም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቆርቆሮ የሚለቅሙ አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው እጀታውን ያዙና ከፈቱ። «ይግቡ እንጂ፣ ምን አቆመዎት?» አሉ። ናስሪን ኻላ እጅ ነሥተው አለፉ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሃይስኩል ስገባ ወደ ዳካ ተመለሱ። እንደሳቸው ሥራቸውን መንገድ ላይ ማቅረብ የሚፈልጉ ወጣት ሴቶችን እንደሚያስተምሩ ለእናቴ ጽፈውላታል። እኔ ዛሬ ሳንታ ክላራ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ የወንዙ ስም ጠፍቶብኛል፣ ከተረቶቹም ብዙዎቹ ተምታተውብኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሰዎች በአንድ ባልደረባ አነጋገር ሲሳሳቁ፣ ዞር ብለውም «አንቺ ታውቂዋለሽ?» ሲሉኝ፣ መልሴ አፌ ላይ ይከብደኛል። ሁልጊዜ አልደፈርኩም፤ አንዳንዴ ዝም ብዬ ምሳዬን በልቻለሁ። «አላውቀውም» ግን እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም።