ከወፍራሙ የጨመርኩበት ዘይት

ልጅ እያለሁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬ የሞተር ሳይክሉን ዘይት ሲለካ ጨርቅ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቀራንዮ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮው አጥር ሥር ቁጢጥ ብለን። አባዬ በሞተሩ ደብዳቤ የሚያደርስ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርና ከእኛ ቀጥሎ የሚሳሳው ለዚያው ሞተር ነበር። ያ የዘይትና የቤንዚን ሽታ እስከ ሰኞ ከእጄ አይለቅም፤ እኔም አልታጠበውም።

አንድ ቅዳሜ መደርደሪያ ስወለውል የአባዬን ዘይት ደፋሁት። ግማሹ ሄደ! ጎረቤታችን ጋሽ ተካ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ የመኪናቸውን ወፍራም ዘይት በጄሪካን እኛ በረንዳ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እማዬ ደግሞ የሚረጋውን የምግብ ዘይት ከፈሳሹ እየደባለቀች ነው ወሩን የምታዳርሰው። ታዲያ ዘይት ከዘይት ጋር ምን ያጣላዋል? ከጋሽ ተካ ቀድቼ የጎደለውን ሞላሁት።

በማግስቱ አባዬ ያንኑ ወደ ሞተሩ ሲያንቆረቁር፣ «ብርዱ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ አልወርድ አለ» አለ። ቀጠል አድርጎም፣ «አንዳንዱ ያገኘውን ዘይት ይጨምርና አስፋልት መሃል ሞተሩ ይደርቅበታል» አለኝ። ጨርቁን አቀበልኩት።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ሦስት ወር የጠበቀችው የሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት፣ ዘነበወርቅ። ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላው ተቀመጠች። አባዬ ሞተሩን ሲያስነሳ አስፋልቱ መሃል ወድቀው ታዩኝ።

«አባዬ፣ አትሂድ! የጋሽ ተካን ዘይት ቀላቅዬበታለሁ!»

ሞተሩን አጠፋ። «ማን አስተማረሽ?»

ዓይኔ ወደ እማዬ ሄደ።

«እንዴ! እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አለች።

«ወጥ መስሏት ነዋ!» ብሎ ሳቀ አባዬ። ወርደው በታክሲ ሄዱ፤ ለቀጠሮውም ደረሱ። ማታ ዘይቱን አብረን ሳፋ ላይ አፈሰስነው፤ ሳፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቴል አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ፣ መካኒኩ ለአንዱ ሞተረኛ፣ «ዘይቱ ትንሽ ቢደባለቅ ለዛሬ ምንም አይልህም፣ ሂድ» ሲለው ሰማሁ። እየተገረምኩ ለእማዬ ነገርኳት። አባዬ ካረፈ ቆይቷል።

«አባትሽ መቼ አጣው?» አለችኝ። «ታክሲ ውስጥ ጠይቄው ነበር። ‹ሞተሩማ ይችለው ነበር፤ ልጅቷ ግን እስክንመለስ አትችለውም› አለኝ።»

ዛሬ በቀራንዮ መንገድ የሚያልፈው ሞተር ብዛቱ! የእኔ ልጅ ደግሞ አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት የከበዳት ነገር ይዛ መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ በር ላይ ትቆማለች። ምድጃውን አጠፋና እቀመጣለሁ።