ቁጥር የሌላቸው ገጾች

ታናሽ እህቴ ሠላሳ ዓመት ታይፕ ስትመታ የገጽ ቁጥር የምትጽፈው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤታችን አስተማሪው አንድ እስረኛ፣ አንድ ወታደርና አንዲት መበለት ስለ ነጻነት ያደረጓቸውን ዝነኛ ንግግሮች ከመጽሐፍ እያነበበላት በታይፕ አስጻፋት። እሱ እንደወጣ ነፋስ ወረቀቱን በተነው።

«እትዬ፣ ጉዴ ፈላ! ቁጥር ሳልጽፍባቸው ተደባለቁ። ምን ይለኛል?» አለችኝ። በሥራዋ ተወቅሳ አታውቅም።

ወለሉ ላይ ተቀምጠን አነበብን። ሁሉም ሰንሰለት ይላል፤ ሁሉም ስለ ልጆቹ ያነሣል፤ ሁሉም ይነጋል ይላል።

«ይኼ የእስረኛው ነው» አልኩ።

«ኧረ የመበለቲቱ ነው!»

አስተማሪው ተመልሶ አንዱን ገጽ የእስረኛው ነው አለ፤ ደግሞ አንብቦ ወደ ወታደሩ አዛወረው። ራሱን አከከ።

«እኔም ግራ ገባኝ፤ መጽሐፌን ላምጣ» ብሎ ሳይቆጣ ወጣ።

እህቴ ተንፈስ አለች። ወረቀቱን ግን አልለቀቀችም።

«እትዬ፣ ሦስቱ ሰዎች ተማክረው ነው እንዴ የተናገሩት?»