የተደፈኑት ቱቦዎች

ሶረቲ ዕድሜዋን በቧንቧ ሥራ ያሳለፈች ሴት ናት፤ ያለ ምክንያት የተዘረጋ ቱቦ አይታ አታውቅም። ስለዚህ የአባቷን አሮጌ መኪና ኮፈን ከፍታ፣ ከካርቡራቶሩ የሚነሱት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ግማሾቹ ተነቅለው ጫፋቸው በብሎን ተደፍኖ ስታይ ደሟ ፈላ። መኪናዋን ያዩ መካኒኮች ሁሉ የየት እንደሆነ ያልገባቸውን ቱቦ ደፍነው አልፈዋል። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ታዲያ እንደ እህል ወፍጮ ይንጓጓል።

"ተይው ልጄ፣ ትሄድ የለ?" አሏት ጎረቤቷ ጋሽ በከር።

"መሄድማ አህያም ይሄዳል፣ ጋሼ።"

ቅዳሜን ሙሉ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አጎንብሳ እያንዳንዱን ቱቦ ከመነሻው እስከ መድረሻው በጣቷ ተከተለች። የተሰነጠቀውን ቀየረች፤ ለተነቀለው የሚገጥመውን አፍ ፈልጋ መለሰችው። ብሎኖቹን ጣለቻቸው።

ማምሻውን እስከ ሰንጋ ተራ ነድታ ተመለሰች። ዘበኛው ሮቤራ ድሮ የመኪናዋን ጩኸት ከሩቅ ሰምቶ ነበር በሩን የሚከፍትላት። ዛሬ ሞተሩ እየሠራ ደጁ ላይ ቆማ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ወሬውን ይሰልቃል።

ሶረቲ ክላክስ አደረገች። ሮቤራ ደንግጦ በሩን ከፈተ፤ እሷ ግን እየሳቀች የግቢው ሰው በየመስኮቱ ብቅ እስኪል ድረስ እጇን ከክላክሱ ላይ አላነሳችም።